ቤታችሁ ቢሮ ሲሆን ወጪውን ማን ይችለዋል?

ከቀራንዮ ቦሌ ድረስ ተመላልሶ የሚሠራ ሰው ከቀኑ ብዙ ሰዓት የሚወስድበት ሥራው ብቻ አይደለም፤ የታክሲ ሰልፉም ነው። ስለዚህ አለቃው «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከቤት ሥራ» ቢለው ደስ ይለዋል። የታክሲ ሒሳብ ቀረ፣ ምሳም ከቤት ሆነ። ወሩ ሲያልቅ ግን ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ኢንተርኔቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ መብራቱ ጨምሯል፣ የቤቱ አንድ ጥግ በጠረጴዛና በወንበር ተይዟል። ቢሮ እያለ እነዚህን ሁሉ የሚከፍለው ድርጅቱ ነበር። አሁን የሚከፍለው ሠራተኛው ነው፣ ያውም ማንም ሳይነግረው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ሲገባ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤት እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ወረርሽኙ ጋብ ካለ በኋላም በተለይ በሶፍትዌር፣ በዲዛይን፣ በትርጉምና በሒሳብ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች በዚያው ቀጥለዋል። እናንተም ትምህርታችሁን ስትጨርሱ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሊገጥማችሁ ይችላል። ታዲያ የቤቱን ወጪ ከግብር ላይ ማስቀነስ ይቻላል ወይ? መልሱ የሚወሰነው ቤት ውስጥ በምትሠሩት ሥራ ሳይሆን ግብር በምትከፍሉበት መንገድ ነው። እንዴት? ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ፦ ወጪው ስንት ነው?

ብዙ ሰው «ከቤት ስሠራ መብራት ይበላብኛል» ይላል። እስቲ እንለካው። አንድ ተራ ላፕቶፕ 50 ዋት ያህል ይወስዳል እንበል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ብንሠራበት፦

50 ዋት × 8 ሰዓት × 22 ቀን = 8,800 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 8.8 ኪሎዋት ሰዓት።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ከእንጀራ ምጣድ ጋር እናወዳድረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ3.5 ኪሎዋት ብናሰላው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እንጀራ መጋገር 8.75 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ የአንድ ወር የላፕቶፕ ሥራ መብራት ከአንድ ሁለት ቀን እንጀራ ጋገራ አይበልጥም ማለት ነው! ትልቁ ወጪ መብራቱ አይደለም። ትልቆቹ ኢንተርኔቱ፣ ዕቃው (ላፕቶፕ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ) እና ከሁሉም በላይ የምትከራዩት ቦታ ናቸው።

ሁለተኛ፦ «ተቀናሽ» ማለት «ተመላሽ» ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ አዋቂዎችም ይሳሳታሉ። «ይህ ወጪ ከግብር ይቀነሳል» ሲባል 1,000 ብር ካወጣችሁ 1,000 ብር ይመለስላችኋል ማለት አይደለም። ግብር የሚሰላበት ገቢ በ1,000 ብር ያንሳል ማለት ብቻ ነው። ታዲያ በኪሳችሁ የሚቀረው ስንት ነው? እሱን ለማወቅ የግብር ደረጃዎቹን ማየት አለብን።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከወር ደመወዝ ላይ ግብር የሚሰላው እንዲህ ነው፦

• እስከ 2,000 ብር፦ ከግብር ነፃ
• ከ2,001 እስከ 4,000 ብር፦ 15 በመቶ
• ከ4,001 እስከ 7,000 ብር፦ 20 በመቶ
• ከ7,001 እስከ 10,000 ብር፦ 25 በመቶ
• ከ10,001 እስከ 14,000 ብር፦ 30 በመቶ
• ከ14,000 ብር በላይ፦ 35 በመቶ

ይህን እንደ ደረጃ መውጣት አስቡት። ደመወዛችሁ 15,000 ብር ቢሆን 35 በመቶ የሚከፈልበት 15,000ው ሁሉ አይደለም፤ የመጨረሻው 1,000 ብር ብቻ ነው። ደምሩት፦ 300 + 600 + 750 + 1,200 + 350 = 3,200 ብር። ስለዚህ ከዚህ ገቢ ላይ 1,000 ብር ተቀናሽ ቢፈቀድ የሚተርፈው ከላይኛው ደረጃ ላይ ያለው 350 ብር ነው። ቀሪው 650 ብር ያው ከኪስ የወጣ ነው። 5,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ደግሞ ያው 1,000 ብር ተቀናሽ የሚያተርፈው 200 ብር ብቻ ነው። ይገርማል አይደል? አንድ ዓይነት ቅናሽ ብዙ ለሚያገኘው ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፦ አንድ ግቢ፣ ሦስት መልስ

አሁን ቀራንዮ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሦስት ጎረቤታሞችን በሐሳባችን እንፍጠር። ሦስቱም ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ናቸው። ሕጉ ግን ሦስቱን በተለያየ ዓይን ያያቸዋል።

የመጀመሪያዋ የድርጅት ተቀጣሪ ናት። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍላል፤ ከመቀጠር የሚገኘው ሠንጠረዥ «ሀ» ውስጥ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ተቀጣሪ ደመወዙን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ መቀነስ አይችልም። ኢንተርኔትም፣ ወንበርም፣ የቤት ኪራይም አይቀነስላትም። ግብሩን በየወሩ ቆርጦ የሚያስገባው ቀጣሪው ስለሆነ እሷ አብዛኛውን ጊዜ የግብር ማስታወቂያ ቅጽ እንኳ አትሞላም፤ ወጪዋን የምትጽፍበት ቦታ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው የራሱ ንግድ ፈቃድ አለው፤ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ግብር የሚከፍለውም በትርፉ ላይ ነው። የእሱ ገቢ ሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ይገባል። እዚያ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው፦ ገቢውን ለማግኘት የግድ ያስፈለገ ወጪ ይቀነሳል፣ የግል ወጪ አይቀነስም። አስቸጋሪው ነገር ቤቱ ሁለቱንም መሆኑ ነው። ይተኛበታልም፣ ይሠራበታልም። ስለዚህ ድርሻውን ማስላት አለበት።

ቤቱ 30 ካሬ ሜትር፣ ለሥራ ብቻ የለየው ክፍል 6 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ድርሻው 20 በመቶ ነው። ኪራዩ በወር 8,000፣ በዓመት 96,000 ብር ከሆነ የሥራው ድርሻ 19,200 ብር ይሆናል። ላፕቶፑስ? በ60,000 ብር ገዝቶት ቢሆን ወጪውን በአንድ ዓመት አያወራርደውም። ለኮምፒውተር የተቀመጠው የእርጅና ቅናሽ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 20 በመቶ ስለሆነ 12,000 ብር ነው። አምስተኛውን ጊዜ ፊልም የሚያይበት ከሆነ ደግሞ ቅናሹ በዚያው ልክ ያንሳል፤ የሚቀረው 9,600 ብር ነው።

ከእነዚህ በፊት የዓመቱ ትርፉ 180,000 ብር ነበር እንበል። የንግድ ገቢ ደረጃዎች ከላይ ያየናቸው ወርኃዊ ደረጃዎች በ12 ሲባዙ ናቸው፤ ግብሩ 38,400 ብር ይሆናል። የኪራዩና የላፕቶፑ ድርሻ ሲቀነስ ትርፉ 151,200 ብር፣ ግብሩ 29,160 ብር ይሆናል። 28,800 ብር ተቀንሶ የተረፈው 9,240 ብር ነው። ቁጥሮቹን ራሳችሁ ደምራችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛዋ ትንሽ ንግድ አላት፤ ግብሯ የሚወሰነው በዓመታዊ ሽያጯ መጠን ላይ ነው። የሚታየው የገባው ገንዘብ እንጂ ትርፉ አይደለም። መዝገብ የመያዝ ጣጣ ይቀርላታል፤ በምትኩ ግን ወጪ መቀነስ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ብታወጣም ትንሽ ብታወጣም ሽያጯ እኩል ከሆነ ግብሯ እኩል ነው።

ሌሎች አገሮችስ?

ጀርመን ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተቀጣሪም ቢሆን ከቤት ለሠራበት ለእያንዳንዱ ቀን 6 ዩሮ፣ በዓመት እስከ 1,260 ዩሮ ከገቢው እንዲቀንስ ትፈቅዳለች። ካሬ ሜትር መለካት አያስፈልግም። ካናዳ በኮቪድ ጊዜ በቀን 2 ዶላር ትፈቅድ ነበር። አሜሪካ ግን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ የተቀጣሪውን የቤት ቢሮ ቅናሽ አስቀርታለች፤ ለራሱ የሚሠራው ይቀንሳል፣ ተቀጣሪው አይቀንስም። እንግዲህ ተቀጣሪውን በዚህ መንገድ የምናየው እኛ ብቻ አይደለንም።

ታዲያ ተቀጣሪዋ ምን ታድርግ?

የግብር ሕጉ በሩን ዘጋባት ማለት ሌላ በር የለም ማለት አይደለም። ሌላው በር ያለው የሠራተኛ ሕጉ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሥራ ውሉ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው ይላል። ይኸው አዋጅ ቤት ውስጥ ሆኖ ለአሠሪ ስለሚሠራ ሰው ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በዚህ ዓይነት ውል አሠሪው የሠራተኛውን አድራሻ፣ ያቀረበለትን ዕቃ ዓይነትና ዋጋ፣ የክፍያውንም መጠን በመዝገብ መያዝ አለበት። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ከላፕቶፕ በፊትም ሸማኔውና ልብስ ሰፊው ቤቱ ሆኖ ለሌላ ሰው ይሠራ ነበር።

«ካልተስማሙ በቀር» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉ። ውሉ «ሠራተኛው በራሱ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይሠራል» ካለ መብቱን አሳልፋችሁ ሰጥታችኋል። ስለዚህ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት መጠየቅ ነው።

እንዴት እንደሚከፈላችሁም ለውጥ ያመጣል። ድርጅቱ «በቃ፣ 1,000 ብር አበል ልጨምርላችሁ» ካለና ብሩ ከደመወዝ ጋር ከተደመረ፣ አበልም የመቀጠር ገቢ ስለሆነ ግብር ይቆረጥበታል። በ35 በመቶ ደረጃ ላይ ላለ ሰው 650 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ድርጅቱ ግን ላፕቶፑን ራሱ ገዝቶ ቢሰጥ፣ ለሥራ የሚውለውንም ኢንተርኔት በራሱ ስም ውል ገብቶ ቢከፍል የድርጅቱ የሥራ ወጪ ይሆናል። ድርጅቱ ከትርፉ ላይ ይቀንሰዋል፣ ሠራተኛዋም ሙሉውን ጥቅም ታገኛለች። ወጪው አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ይለያያል።

ለራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነስ?

ሁሉም ነገር ማስረጃ ላይ ይወድቃል። የሚያስቸግረው ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በአከራይ ስም መሆኑ ነው። ለመብራት የከፈላችሁት በእጅ ከሆነና ደረሰኙ ላይ የሌላ ሰው ስም ካለ የእናንተ ወጪ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። ለኪራዩ ግን አሁን ይሻላል፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። የተመዘገበ ውልና የባንክ ደብተር ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። የሥራ ክፍላችሁን ስፋት ለክታችሁ ጻፉት፤ የዕቃ ደረሰኝ ስትቀበሉም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ መኖሩን እዩ። ግብር የምትከፍሉት በትርፍ ነው ወይስ በሽያጭ የሚለውን ደግሞ ንግድ ስትጀምሩ ከክፍለ ከተማችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ እወቁ፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ደረሰኝ መፈለግ ከባድ ነው።

እስቲ ሞክሩት

በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ ከቤት የሚሠራ ሰው ካለ (ታላቅ እህት፣ አጎት፣ ጎረቤት) አብራችሁት ተቀመጡና ሦስት ነገር አስሉ። የሥራው ቦታ ከቤቱ ስንት በመቶ ነው? ኢንተርኔቱ በወር ስንት ነው፣ ስንት እጁስ ለሥራ ይውላል? የቀረው የታክሲ ሒሳብስ ስንት ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወደ ብር ለውጣችሁ ደምሩና ከሦስተኛው ጋር አወዳድሩ። የቤቱ ወጪ ከታክሲው ከበለጠ፣ ያ ሰው ለቀጣሪው ከደመወዙ ላይ እየደጎመ ነው ማለት ነው። ወረቀቱን ይዞ አለቃው ጋ ለመግባት በቂ ምክንያት አለው።