ሕዝብን ማወቅም በጀት ይሻል

መንገድ ለመሥራት መሐንዲሱ አስቀድሞ አፈሩን ይመረምራል፤ ለዚህም ገንዘብ ሲመደብለት የሚቃወም የለም። መንገዱ ስለሚያገለግለው ሕዝብ አኗኗር ለሚደረገው ምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ ግን «ይህ ለጊዜው ይቆይ» የሚል መልስ ይሰማል። እኛም ዛሬ ለመናገር የምንፈልገው «ይቆይ» ስለሚባለው ስለዚሁ ሥራ ነው።

ለምሳሌ አስኮን እንመልከት። አስኮ ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩ፥ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የከተማው ምዕራባዊ በር ነው። በዚህ አካባቢ ስንት ሰው ይኖራል? ስንቱ እዚያው ተወለደ፥ ስንቱስ ከገጠር ወይም ከመሐል ከተማ መጣ? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሕዝብ 428,895 ነበር፤ ይኸውም በጊዜው ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ቆጠራው በየ10 ዓመቱ መደረግ ሲገባው ተደጋግሞ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ምክንያት ሆኖ የቀረበው የጸጥታ ችግርና የሕዝብ መፈናቀል ስለ ነበረ ቀላል ነው አንልም። ነገር ግን እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሌላ ቆጠራ አልተደረገም። በዚያ ዓመት የተወለደው ሕፃን ለአካለ መጠን ሲደርስ፥ ስለ ሰፈሩ የምንጠቅሰው ቁጥር ግን ያው የልደቱ ዘመን ቁጥር ነው።

ቆጠራ ስንት እንደሆንን ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደምንኖር አይነግረንም። ይህን የሚነግረን የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ነው። ፕሮፌሰር ገብሬ ይንቲሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፥ በልማት ምክንያት ከመሐል አዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ዳርቻው የሄዱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ደንበኛቸውንና የሚረዳዱበትን ማኅበራዊ ትስስር እንዳጡ፥ የመጓጓዣ ወጪያቸውም እንደ ከበደ አሳይተዋል። ቤት የሰጠ ሹም ቤቱን ብቻ ያያል፤ አጥኚው ግን ከቤቱ ጋር የቀረውን ጎረቤት ያያል።

ነገሩ የኑሮ ምቾት ብቻ አይደለም፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይም ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ከዚያም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረሃብ ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፥ ረሃብ የዝናብ መቅረት ብቻ ሳይሆን ገበሬውን መከላከያ አሳጥቶ ያስቀመጠው ሥርዓት ውጤት መሆኑን አስረዱ። እንዲህ ያለውን እውነት የዝናብ መለኪያ ብቻውን ሊነግረን ይችላልን?

ተቋማቱ አሉን። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ተመሠረተ። ኦስሪያ የሚባለው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980 መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ ተቋቋመ። ሆኖም የኦስሪያ ሥራ ለብዙ ዓመታት የተደገፈው በአብዛኛው እንደ ስዊድንና ኖርዌይ ባሉ አገሮች ገንዘብ ነው። ለጋሾቹን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፥ ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ ጥያቄውም አብሮ ከውጭ መምጣቱ አይቀርም፤ ለጋሹ ፊቱን ያዞረ ዕለትም ጥናቱ ከመካከሉ ይቋረጣል።

«ድኻ አገር ናትና አስቀድሞ ክሊኒክና መንገድ ይሠራ» የሚሉ ይኖራሉ። አሳባቸው ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን ክሊኒኩ በየትኛው ሰፈር፥ ለስንት ሰው ይሠራ? ይህን ሳያውቁ መሥራት ከጥናቱ ወጪ የበለጠ ያስወጣል። ችግሩ የድኻ አገር ብቻም አይደለም። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1982 የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ በተባለ ጊዜ፥ ጉዳዩን እንዲመረምሩ የታዘዙት ሎርድ ሮትስቻይልድ እንዳይፈርስ መከሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከስሙ ላይ «ሳይንስ» የሚለው ቃል ቢነሣም ሥራው ተረፈ።

ስለዚህ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምንጠይቀው 3 ነገር ነው። አንደኛ፥ ለማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር የሚሰጠው ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ርእስ ይኑረው፤ በዓመቱ መካከል ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወርም በሕግ ይጠበቅ። ሁለተኛ፥ ቆጠራው እንደ ሕገ መንግሥቱ በወቅቱ ይደረግ። ሦስተኛ፥ ገንዘቡን የሚሰጠው ክፍል ውጤቱን አይዘዝ፤ የተገኘውም፥ ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም፥ ታትሞ ለሕዝብ ይቅረብ።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ባለሥልጣኖች ሆይ፥ የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ክርክሩም ከዚያ በፊት ይደረጋል። እንደራሴያችሁን ስለ አስፋልቱና ስለ ውሃው ስትጠይቁ፥ «ስለ እኛስ ምን ያህል ታውቃላችሁ? ለማወቅስ ስንት መደባችሁ?» ብላችሁ መጠየቅን አትርሱ። አስኮን የማያውቅ በጀት ለአስኮ በደንብ ሊመድብ አይችልምና።