የማናውቀውን ስውር ፎልደር ማጥፋት ይገባናልን?



በዛሬው ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከብዕሩ ይልቅ ከኮምፒዩተሩ ጋራ የሚውልበት ሰዓት መብዛቱ የታወቀ ነው። ደብዳቤው፣ የሒሳብ ሰነዱ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ፣ የዓመቱም ሪፖርት የሚቀመጠው በዚሁ መሣሪያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዲስኩ ሞልቶ «ቦታ የለም» ያለ እንደ ሆነ፣ ወይም ሥራው እያዘገመ ያስቸገረ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰው የተሰወረውን ሁሉ አሳየኝ ብሎ ኮምፒዩተሩን ያዝዛል። ያን ጊዜ ከዚህ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸው፣ መልካቸው የደበዘዘ፣ አንዳንዶቹም ስማቸው በዶላር ምልክት የሚጀምር ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። ባለቤቱም «እኔ አልፈጠርኋቸውም፤ ማን አመጣቸው? ቫይረስ ይሆኑ ይሆን? ባጠፋቸውስ ምን ይቀርብኛል?» እያለ ይጠይቃል። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው።

መልሱን አስቀድመን ባጭሩ ብንናገር፣ አንድን ፎልደር አለማወቃችን በፎልደሩ ላይ ምስክር ሊሆንበት አይችልም፤ የሚመሰክረው ገና ልንጠይቅ የሚገባን ነገር መኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀውን ስውር የሲስተም ፎልደር በገዛ እጅ ማጥፋት አይገባም። የምንጠራጠርበት በቂ ምክንያት ቢኖረን እንኳ መንገዱ ሌላ ነው።

በመጀመሪያ መሰወር ማለት ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በቤታችን የመብራት ሽቦና የውኃ ቧንቧ በግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩት ክፉ ነገር ስለ ሆኑ አይደለም፤ በየቀኑ እጅ እንዳይነካቸው ተብሎ ነው። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። ማይክሮሶፍት የሚባለው ኩባንያ ከዊንዶውስ በፊት ባወጣው በኤም.ኤስ. ዶስ ጊዜ እንኳ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያነባቸው ዋና ዋና ፋይሎች «ስውር» እና «የሲስተም» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ተደርገውባቸው ከተራው ዝርዝር ይሰወሩ ነበር። በዊንዶውስም ይኸው ልማድ ጸንቶ ሁለት መጋረጃ አለ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ስውሮቹን አሳይ ሲሉት ወዲያው ይገለጣል። ሁለተኛው ግን ልዩ ጥበቃ የተደረገላቸውን የሲስተም ፋይሎች የሚሸፍን ስለ ሆነ፣ ሊገልጡት ሲሞክሩ እነዚህ ፋይሎች ቢጠፉ ወይም ቢለወጡ ኮምፒዩተሩ መሥራት ሊያቆም እንደሚችል ያስጠነቅቅና እርግጠኛ መሆንዎን ይጠይቃል።

ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ከሚገኙት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን እንተዋወቅ። በዶላር ምልክት የሚጀምረው «ሪሳይክል ቢን» ያጠፋናቸው ፋይሎች ለጊዜው የሚያርፉበት ቅርጫት ነው። ቢያጠፉት ዊንዶውስ ቅርጫቱን መልሶ ይፈጥራል፤ በውስጡ የነበረውን ሰነድ ግን አይመልስም። «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» የተባለው፣ ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለስባቸው የመመለሻ ነጥቦች የሚቀመጡበት ነው። ይህ ፎልደር ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ በተሰካ ፍላሽም ላይ ስለሚፈጠር ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቫይረስ አይደለም። «አፕዳታ» የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሞች የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ጉዳይ የሚመዘግቡበት ነው። በክሮም ያስቀመጥናቸው የድረ ገጽ አድራሻዎችና የይለፍ ቃሎች፣ በኮምፒዩተር የምንጠቀምበት ቴሌግራምም እንደ ልማዱ የሚኖሩት በዚሁ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ተሰውሮ የሚገኘው «ኢንስቶለር» ነው። መጠኑ ትልቅ ስለ ሆነ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ያጓጓል። ቢያጠፉትም በዚያው ዕለት ምንም ጉዳት አይታይም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን ከዚያ የተመዘገበን ፕሮግራም ለማደስ ወይም ለማንሣት ሲሞክሩ የሚፈለገው ፋይል አልተገኘም ተብሎ ሥራው ይቆማል። በዚያ ጊዜ ባለቤቱ ምክንያቱን ከረሳው ቈይቷል። ስለዚህ «ባለፈው አጥፍቼ ምንም አልሆነም» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ «እስካሁን ምንም አልታየኝም» ከማለት አያልፍም።

ሰዎች ያላወቁትን ፋይል እንደ ወንጀለኛ ቆጥረው ያጠፉበት ታሪክም አለ። በ1993 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001፣ ከብራዚል ተነሥቶ በብዙ አገር የተሰራጨ የኢሜይል መልእክት፣ ሱልፍንብክ የሚባል ፋይል በኮምፒዩተራቸው ያገኙ ሁሉ ቫይረስ ነውና እንዲያጠፉት፣ ለወዳጆቻቸውም እንዲያስታውቁ ይመክር ነበር። ፋይሉ ግን ረዣዥም የፋይል ስሞች ቢበላሹ ለመመለስ ከዊንዶውስ 98 ጋራ የመጣ የሲስተሙ የራሱ መሣሪያ ነበር። በሚከተለውም ዓመት የድብ አሻንጉሊት ሥዕል ባለው በሌላ ፋይል ላይ እንዲሁ ያለ ወሬ ተነሣ። ያም ቢሆን የጃቫ ፕሮግራም ሠሪዎች የሚገለገሉበት የማይክሮሶፍት ሥራ ነበር። የሁለቱ ፋይሎች መጥፋት ያደረሰው ጉዳት ለብዙ ሰው ቀላል ቢሆንም ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። መልእክቱ ፈልጉ አላቸው፤ ፈለጉ፤ አገኙም፤ ማግኘታቸውንም እንደ ማስረጃ ቆጠሩት። ፋይሉ በየአንዳንዱ ተመሳሳይ ኮምፒዩተር ላይ የሚገኝ መሆኑን የጠየቀ ጥቂት ነበር። ቫይረስ በሌለበት ሥፍራ የቫይረስን ሥራ የሠራው የባለቤቱ እጅ ሆነ።

ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ በቅርቡ የሆነውን እንንገረው። መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 8 ቀን 2025) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ የወሩን አፕዴት ሲያወጣ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ዋና ዲስክ ላይ «ኢኔትፐብ» የሚባል አዲስ ፎልደር ተገኘ። ይህ ስም ኮምፒዩተርን የድረ ገጽ አገልጋይ ለሚያደርገው ፕሮግራም የተለመደ ነው፤ ፎልደሩ ግን ያንን ፕሮግራም በማይጠቀሙ ሰዎችም ዘንድ ታየ። ሲከፍቱት ባዶ ነው። ባዶ፣ ያልተጠየቀና ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ቢጠፋ ምን ይጎዳል ብለው ብዙዎች አጠፉት። ኩባንያው ግን ፎልደሩ በዊንዶውስ ላይ የተገኘን አንድ የጥበቃ ጉድለት ለመዝጋት ሆነ ተብሎ የተፈጠረ መሆኑን፣ የድረ ገጹ አገልጋይ ሥራ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ሊጠፋ እንደማይገባው አስታወቀ። ያጠፉትም ሰዎች ያንን አገልግሎት ከዊንዶውስ ተጨማሪ ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ ለጊዜው በማብራት ፎልደሩን እንዲመልሱ መከራቸው። አንባቢዎች ሆይ፣ በዚህ ነገር ላይ አስተውሉ፤ የፎልደሩ ጥቅም በውስጡ በያዘው ሳይሆን በቦታው በመገኘቱ ብቻ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው የሲስተሙ ንብረት ስለ ሆኑት ነው። የተሰወረው ፎልደር የራሳችን ንብረት የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት መሥሪያ ቤት «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ይህ ቫይረስ እውነተኞቹን ፎልደሮች የስውርና የሲስተም ምልክት አድርጎ ይደብቃቸዋል፤ በምትካቸውም ስማቸውን የያዙ ሾርትከቶችን ያስቀምጣል። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ፈጥሮ ሰነዱን ሁሉ ወደዚያ ያግዛል። እንግዲህ ባለ ፍላሹ ስውሩን ገልጦ ያንን ስም የለሽ ፎልደር ባየ ጊዜ «ቫይረሱን አገኘሁት» ብሎ ቢያጠፋው፣ ያጠፋው የብዙ ወር ድካሙን ነው። ከፍላሽ ላይ የሚጠፋ ነገር ደግሞ እንደ ዲስኩ ወደ ቅርጫቱ አይገባም። የሚገባው ሥራ ሾርትከቱን ሳይጫኑ ፍላሹን በታደሰ አንቲቫይረስ ማስፈተሽ፣ ከዚያም አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ ምልክቶቹን አስነሥቶ ሰነዶቹን መግለጥ ነው።

እንዲህ ስንል ስውር የሆነ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ክፉ ፕሮግራምም መሰወርን ይወዳል። ስለዚህ ያልታወቀ ነገር ሲገኝ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበጃል። አንደኛ፣ የተገኘው የት ነው? የታወቀ የሲስተም ስም ይዞ ከተለመደው ሥፍራ ውጭ የተገኘ ፋይል ያጠራጥራል። በ1993 ዓ.ም. እንኳ በዊንዶውስ ውስጥ የነበረው ሱልፍንብክ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ማጂስተር የሚባለው ቫይረስ ግን በዚያው ስም የተበከለ ፋይል በኢሜይል ይልክ ነበር። ሁለተኛ፣ ማን ሠራው? የፋይሉ መግለጫ፣ ዲጂታል ፊርማው፣ የሠሪው ኩባንያ ጽሑፍ ይህን ይናገራል። ሦስተኛ፣ በወጉ የሚነሣው በምን መንገድ ነው? ቫይረስ ከሆነ አንቲቫይረስ ይለየው፤ ፕሮግራም ከሆነ በፕሮግራም ማንሻው ይነሣ። ዊንዶውስ ለማጥፋት ፈቃድ የለዎትም ብሎ ሲከለክልም፣ ክልከላው ሊሰበር የሚገባው ግትርነት ሳይሆን ሊሰማ የሚገባው ምክር ነው።

የቦታ ጥበት ላስቸገረውም ሰው የተዘጋጀ መንገድ አለ። በሴቲንግ ውስጥ ያለው የስቶሬጅ ክፍል ወይም ዲስክ ክሊንአፕ የሚባለው መሣሪያ የሚጠፋውንና የማይጠፋውን ለይቶ ያቀርባል። አዲስ ዊንዶውስ ሲገባ የቀድሞውን ይዞ የሚቀመጠው «ዊንዶውስ ኦልድ» ከ10 ቀን በኋላ በራሱ የሚነሣ ስለ ሆነ መታገሥ ብቻ ይበቃል። ከዚህም በፊት የዳውንሎድ ፎልደርን መክፈት ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ቦታውን ያጣበበው ስውሩ ሳይሆን እኛው አውርደን የረሳነው ቪዲዮ ሆኖ ይገኛል።

በመጨረሻም፣ በመሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በውስጡ ያለው መዝገብ የባለጉዳይ ጉዳይ፣ የባልደረባም ድካም ነው። በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ቍጥሩን ያላወቀውን ፋይል አያቃጥልም፤ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል እንጂ። እኛም እንዲሁ፣ ዋና ሰነዶቻችንን በሌላ ሥፍራ በቅጂ አስቀምጠን፣ ያላወቅነውን ነገር ስሙንና ሥፍራውን ጽፈን ለመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብናቀርብ፣ የምናጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ሁልጊዜ አይቻልም።