ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት
አዲስ አበባ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ እየነገደ፣ ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናቱ ጎጃም ገጠር ላሉበት ልጅ ቶሎ የሚታሰበው ካሜራ ቢሆን አይገርምም። እኔ ግን የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ካሜራ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ደግሞስ ደብረ ማርቆስ እንኳ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እናት በውድቅት ሌሊት ሲወጡ መርካቶ ሆኖ በስልክ ማየት ምን ይፈይዳል? የሚጠቅመው አጠገባቸው ያለውን ሰው የሚቀሰቅስ ነገር ነው፦ በር ሲከፈት የሚጮህ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ደወል፤ ወይም ሲም ካርድ የሚገባበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ያሉበትን ቦታ በአጭር መልእክት ለጎረቤት የሚልክ ጂፒኤስ። (ቻርጁን ስልክ የሚሞላው ሶላር ይችለዋል።)

«ጎረቤት እያለ ደወል ለምኔ?» የሚል አይጠፋም። ጎረቤትም በአጨዳ ወቅት ማሳ ላይ ይውላል፣ ሌሊት ይተኛል። «ክብራቸውን መንካት ነው» የሚለው ግን ክብደት አለው፤ ስለዚህ ሕመሙ ሳይጠና፣ ፈቃዳቸውን መናገር በሚችሉበት ጊዜ ይጠየቁ። መኝታቸው ላይ ካሜራ መስቀልማ ፈጽሞ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይያቸው፦ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።