ዳርክ ኢነርጂ ወይስ የተሻሻለ ስበት?

ከዒሻ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ሲጠራ የምናያቸው ከዋክብት የራሳችን ጋላክሲ ናቸው። ሩቆቹ ጋላክሲዎች ግን እየፈጠኑ ይሸሻሉ፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ምክንያቱ «ዳርክ ኢነርጂ» ነው ይላሉ። የእንጦጦ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ሌሎች ደግሞ የአንስታይንን የስበት ቀመር አሻሽለው ያሰላሉ።

ታዲያ በምን ይፈተናል? በ2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የወጡት የስበት ሞገድና ጋማ ጨረር፣ 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ደረሱ። የሁለቱ ፍጥነት ይለያያል ያሉ ብዙ ቀመሮች ያኔውኑ ወደቁ። የቁርኣን አንቀጽ ከአንዱ ቲዎሪ ጋር ለማጣበቅ የሚቸኩሉ ወንድሞችና እህቶችን «ረጋ በሉ» የምንለው ለዚህ ነው። እንጦጦ ላይ ከሚጠኑት ውስጥ ስበት በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝባቸው ቀመሮች ግን ፈተናውን አልፈዋል።