ከሰርኪስ ባቡር እስከ 2 ቁጥር መንገድ

(ድምፅ፦ የባሕር ሞገድ፤ ከርቀት የመኪኖች ጉዞ)

ተራኪ፦ ሰሜን ናታንያ፣ ኤይን ሀትኽሌት። ማለዳ ነው። በምዕራብ ባሕሩ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቴል አቪቭን ከሃይፋ የሚያገናኘው 2 ቁጥር መንገድ። በዚህ ከተማ ከሚኖሩት ብዙ ቤተ እስራኤላውያን አንዳንዶቹ አሁን መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ሥራ ይነዳሉ። ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ዛሬ የዚያን መንገድ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እንቆጥራለን።

(ድምፅ፦ የአሮጌ ሞተር መነሣት)

በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ ሞተር አዲስ አበባ አስገባ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ከዚህ ሞተር እንዳገኘ ይነገራል። በ1907 እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደረሰ። የመኪና መንገድ ስላልነበረ የመጣው የበቅሎና የግመል ዱካን ተከትሎ ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸው መንገዶች ከጦርነቱ በኋላ ጥገና ይፈልጉ ነበር። በ1950 የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1964 ግራቸውን ይዘው ይነዱ የነበሩ ሾፌሮች ወደ ቀኝ ተሻገሩ።

(ድምፅ፦ የሌሊት ነፍሳት፤ በደረቅ ሣር ላይ የእግር ኮቴ)

አውራ ጎዳናው ግን ለሁሉም አልሆነም። ኢየሩሳሌምን ተስፋ አድርገው ከጎንደር መንደሮች የተነሡት ወገኖቻችን አስፋልቱን ሸሽተው፣ በጨለማ፣ በእግራቸው ሱዳን ገቡ። በጉዞውና በስደተኛ ካምፖቹ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በዘመቻ ሙሴ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985፣ የተረፉት ከገዳሪፍ አካባቢ በሌሊት አውቶቡስ ተጭነው፣ ወደ እስራኤል ለመብረር ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። ስንት ቀን በእግር ለሄደ ሰው ያ አውቶቡስ የመዳን ደጃፍ ነበር።

ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ሺዎች ከጎንደር ተነሥተው፣ የአባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። በሜይ 24 እና 25፣ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ።

(ድምፅ፦ የ2 ቁጥር መንገድ ይመለሳል)

የመኪናን ታሪክ ፋብሪካ ይመዘግበዋል፤ የአስፋልትን ታሪክ መሥሪያ ቤት ይጽፈዋል። የእግር መንገድ መዝገቡ የተጓዡ አንደበት ብቻ ነው፤ ያም አንደበት እያረጀ ነው።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ መኪናችሁን አቁማችሁ ወደ ቤት ስትገቡ እናት አባቶቻችሁን ጠይቁ። ከየትኛው መንደር ተነሣችሁ? ስንት ሌሊት ሄዳችሁ? ማንን በመንገድ ቀበራችሁ? መልሱን ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉት።