የወፍጮ ቤት ሞተር፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ በጊዳ አያናና በአንገር ሸለቆ ዙሪያ አገሩ የበቆሎና የሰሊጥ ነው። በቆሎው ገንፎ ወይም ቂጣ እንዲሆን ወፍጮ ቤት መድረስ አለበት። መብራት ባልገባበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ ወፍጮውን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ ሲያረጅ ታዲያ ባለወፍጮው ያሠራው ወይስ አዲስ ይግዛ?

በገጠር ወፍጮ ቤቶች ስሙ የገነነው ሊስተር ነው። እንግሊዝ አገር፣ ደርስሊ በምትባል ከተማ በ1929 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ ሕንዶች ራጅኮት ላይ አምሳያውን ሲያመርቱ ኖረዋል። ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ማቀዝቀዣው አንድ በርሜል ውሃና ሁለት ቱቦ ነው፤ የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይመለሳል። የውሃ ፓምፕ ስለሌለው የሚበላሽ የውሃ ፓምፕም የለም።

ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት ትንንሽ ሞተሮች ቀላልና ርካሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን በደቂቃ ከ2000 በላይ ይዞራሉ። በአንድ ሰዓት ሲሰላ አሮጌው 39,000 ጊዜ ሲዞር፣ በ2200 የሚሠራው 132,000 ጊዜ ይዞራል። ብዙ የሚዞር ቶሎ ያልቃልና፣ መለዋወጫ ከሩቅ ከተማ በሚመጣበት አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ስለዚህ ጭስ አይቶ ብቻ ሞተር መጣል አይገባም። ሰማያዊ ጭስ ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ፋሻ ማለቁንና ዘይት መቃጠሉን ይናገራል፤ ፋሻ ደግሞ ይቀየራል፣ የሲሊንደሩ ካሚቻም እንዲሁ። ጥቁር ጭስ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው፤ የዱቄት ብናኝ ይደፍነዋል። ቀጥሎ ኖዝሉ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘነጉታል፦ ወፍጮው በጊዜው ካልተወቀረ ድንጋዩ ይደንዛል፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ ናፍጣም ይበላል። ያኔ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

ውሳኔውን የሚለውጠው ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) ነው። ጭነት ላይ ከታች የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ካለ ተከፍቶ ይለካ። ኮሎው የሚዞርበት ብሮንዚን ብቻ ካለቀ ይታደሳል። ኮሎው ለመላጨት የሚተርፍ ውፍረት ካጣ፣ ወይም ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ በእኔ እምነት እዚያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይብቃ።

ሦስት መስመር ያለው አስተማማኝ መብራት ደጅ ከደረሰ ግን የተሻለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ናፍጣ ከማመላለስና ከጭስ ያሳርፋል። ያኔም ቢሆን አሮጌውን አለመሸጥ ይሻላል። ውሃው ይፍሰስ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ይግባ፣ በየሳምንቱ ቮላኖው በእጅ ይዙር። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ቺንጊያውን መልሶ ማጥለቅ ብቻ ይቀራል።