ስብሰባው ከጥናቱ በፊት ነበር

አንባብያን ሆይ፥ ከሮቤ ተነሥታችሁ፥ ጎባን አልፋችሁ ወደ ሳነቴ የወጣችሁ እንደ ሆነ፥ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ብርዳም ሜዳ ላይ ትቆማላችሁ። ከዚያ ቁልቁል ደሎ መና አለ፤ ከደሎ መና ወዲያ ገናሌ፥ ከገናሌ ማዶም የጉጂ አገር ነው። ነገራችንም የሚጀምረው ከጉጂ ነው።

በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን በ1990 ዓ.ም. ለሚድሮክ ለ20 ዓመት ተሰጥቶ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ፈቃዱን ለ10 ዓመት አደሰለት። ነዋሪው ግን «ከማዕድኑ በሚወጣው መርዝ ሴቶች ያስወርዳቸዋል፥ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ፥ ከብቱም ያልቃል» እያለ ሲያመለክት የኖረ ነውና፥ የፈቃዱን መታደስ ሲሰማ አደባባይ ወጣ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። የሆነ ሆኖ የማዕድን ሚኒስቴር ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደ። ሥራው በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ተጀመረ።

በጎረቤታችን በኬንያ፥ በባሕር ጠረፍ ያሉት የላሙ ሰዎች ደግሞ የገቡት በሌላ በር ነው። የኬንያ መንግሥት በላሙ አጠገብ 1050 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ እንዲሠራ ፈቀደ። ዓሣ አጥማጁም ሽማግሌውም «ላሙን አድኑ» በሚል ማኅበር ተሰብስበው፥ የአካባቢ ጉዳይ ለሚታይበት የዳኝነት ጉባኤ አቤት አሉ። ጉባኤውም ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሻረ።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ስብሰባ አልተደረገም እንዳትሉ፥ ተደርጓል። ነገር ግን ሕዝቡ የተጠራው ጥናቱ ሳያልቅ ነበር። ጢሱ ምን ያህል፥ አመዱ የት፥ ዓሣው እንዴት እንደሚሆን የሚናገረው መጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ግን ወደ ሰዎቹ ተመልሶ ያስረዳቸው አልነበረም። ዳኞቹ ይህ ሕዝብን መጠየቅ አይባልም አሉ። (እኔም በስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው አለ?» ሲባል፥ የሚጠየቀውን ባለማወቄ ዝም ብዬ ወጥቻለሁ።)

እኛም አገር ሕጉ አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፥ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ሥራ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጥ፥ በተለይም ጉዳቱ የሚደርስበት ነዋሪ አስተያየት እንዲገባበት አዘዘ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ሲመረቅ አገራችንም ከምድር ውስጥ ጋዝ ማውጣት ጀመረች፤ እንግዲህ ይህን የመሰለ ወረቀት ወደ ብዙ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ መምጣቱ አይቀርም።

ቃለ ጉባኤ የምትይዙት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ተማሪ የሆናችሁትም ነገ ትይዙታላችሁ። «ከነዋሪው ጋር ውይይት ተደርጓል» የሚል መዝገብ እጃችሁ የገባ እንደ ሆነ፥ ውይይቱ የተደረገበትን ቀንና ጥናቱ ያለቀበትን ቀን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነውን ወይስ ነዋሪው በሚሰማው በኦሮምኛም ተነቧል? ይህንንም በሕዳጉ ላይ ጻፉበት።